ጣናን ሳላይ ጀልባ መራጭ ነበርኩ

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሥራ ጀመርኩ፣ ሦስት ከተማ ተመድቤ ሠራሁ፣ ሁለት አለቃ አየሁ፣ ተሰናበትኩ። ጡረታ ከዚህ ሌላ ምን አለው? አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቅሁ ነው። ጊዜ ያለው ጡረተኛ ደግሞ ትዝታውን ይጽፋል። መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህማ ማን ያስቆመኛል!

ሥራዬ ለቤተሰብ ጀልባ መምረጥ ነበር። የምመርጠውም ንፋስ መውጫ ላይ ተቀምጬ ነው። ንፋስ መውጫን የማያውቅ ካለ፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ፣ ገብስና ድንች የሞላባት የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውኃ ግን የላትም። ጣና ያለው ባሕር ዳር ነው፤ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ ቁልቁል ተወርዶ፣ ከዚያም ሜዳውን ተጉዞ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ለሰው ጀልባ ስመርጥ ጣናን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይህን ለደንበኛ አንናገርም ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ ያስቸገረችኝ የመጨረሻዋ ናት፤ እሷም እናቴ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሴት አንድ ክፍል ቢሮ አላቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ወደብ ላይ የጀልባ ቲኬት ሲሸጡ ኖረው፣ እናታቸውን ሊያስታምሙ መጥተው እዚሁ ቀሩ። የእኛ ሰው ባሕር ዳር የሚወርድበት ምክንያት አያጣም። ልጅ ይመረቃል፣ ዘመድ ይጋባል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተማሪውና ነርሷ ቤተሰባቸውን ይዘው እረፍት ይወጣሉ። እትዬ ሙሉ ለእነዚህ ሰዎች ሚኒባስና ማደሪያ ያገናኛሉ። በዚያ ላይ አንድ ነገር ሳያስጨምሩ አይለቋቸውም፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚሳፈርበት አጭር የጀልባ ሽርሽር።

"ባሕር ዳር ድረስ ወርዳችሁ ጣናን ከዳር አይታችሁ ልትመለሱ?" ይላሉ። "ሠርግ ተጠርታችሁ በር ላይ ቆማችሁ እንደ መመለስ አይሆንባችሁም?"

እኔ የገባሁት ፎቶ በቴሌግራም እንድልክላቸው ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት። ላክሁ፣ ቀረሁ። ደመወዜ ለደብተርና ለጫማ ትበቃ ነበር፤ ስለ እሷ ብዙ አላወራም። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራትም እንደ ሰው ሁሉ ቤቴ ተቀመጥኩ። ስለዚያም ብዙ አላወራም።

ማውራት የምፈልገው ስለ አግዳሚዋ ነው።

እትዬ ሙሉ ከቢሮው ደጅ አንዲት ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለቻቸው። ከእግሮቿ ሥር ሁለት ጎባጣ እንጨት በምስማር አስመትተውባታል፤ ስትገፋ ትወዛወዛለች። ቤተሰብ ሲመጣ ዋጋ አይነግሩም፣ ፎቶ አያሳዩም። "እስቲ ጀልባ ላይ እንደምትቀመጡት ሆናችሁ ተቀመጡ" ይላሉ። ቤተሰቡ እየሳቀ ይደረደራል። እኔ ጫፏን ይዤ አወዛውዛለሁ፤ መጀመሪያ ቀስ አድርጌ፣ ከዚያ ጠንከር። እትዬ ሙሉ እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊት ቆመው ያያሉ። መንገደኛው ሁሉ ይቀልድብናል። "እትዬ ሙሉ፣ ዛሬስ ማዕበሉ እንዴት አድሯል?" ይላል የባጃጁ ሹፌር።

"ላንተም ቦታ አለ፣ ና ውጣ!" ይሉታል፣ ዓይናቸውን ከቤተሰቡ ላይ ሳያነሱ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ "ምኑን ነው የሚያዩት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እጃቸውን። ማስቲ፣ ፊት አትይ። የሚፈራ ሰው ከሁሉ በላይ ይስቃል። እጁ ግን እንጨቱን ጨብጦ ነው የሚስቀው።"

ስሜ ማስተዋል ነው፤ ማስቲ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ እኔም ማየት ተማርኩ። ጢሙን እየደባበሰ "ይሄ ደግሞ ምን ያስፈራል!" የሚለው አባወራ ጣቶቹ እንጨቱ ላይ ተጣብቀው አገኛለሁ። ለእንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ የዓባይ መውጫ ይመረጥለታል፤ አጭር ነው፣ ዳሩ ከዓይን አይጠፋም፣ ጉማሬና ወፍ ይታያል። እጃቸውን ፈታ አድርገው የሚወዛወዙት ዘጌ ድረስ ይሄዳሉ፤ በጫካው ውስጥ በእግር መውጣት የሚችል ጉልበት ካላቸው። የሚጠባ ልጅ ያላት እናት መሐል ትቀመጣለች፤ ከሞተሩም ከነፋሱም ትርቃለች። ሽማግሌ ከፊት አይቀመጥም፤ ከፊት ያለው ሰው ውኃ ይረጨዋል። ለሕፃን ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ደውዬ የማረጋግጥ እኔ ነበርኩ። "አለ" ሲሉኝ አላምንም፤ ፎቶውን አስልካለሁ። ጠዋት እንጂ ከሰዓት በኋላ ጀልባ አንይዝም፤ ከቀትር በኋላ ጣና ጠባዩ ይለወጣል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ "ከሽርሽሩ በኋላ ዓሣ" የሚባል ነገር አናስብም። የእኛ ሰው ጾሙን ገድፎ ሐይቅ አያይም።

የእትዬ ሙሉ አንዱ ልማድ ግን ከሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። አግዳሚዋ ላይ የምትፈራ ሴት ካዩ ምንም አይናገሯትም፤ ከቤተሰቡ መሐል ትንሹን ሕፃን አንስተው ያስታቅፏታል። ሴትዮዋ ወዲያው እንጨቱን ትለቃለች።

"ሰው የያዘ ሰው ለመፍራት ጊዜ የለውም" ይሉኝ ነበር። "ለሚፈራ ሰው ምክር አትስጪው፣ ልጅ ስጪው።"

በሁለተኛው ክረምት ስማዳ፣ ወገዳ ተመደብኩ። ተመደብኩ ስል እትዬ ሙሉ በገበያ ሰሞን አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ አስይዘው አስቀመጡኝ ማለቴ ነው። እስከዚያ ያለው መንገድ አንጀት ያወርዳል፤ ስደርስ ጀልባ ሳልሳፈር የጀልባ ሕመም የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛዬ አያ ጌትነት የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ልትመረቅ ነው። ሚስታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን አስከትለው ሚኒባስ ሊይዙ መጡ። እኔም ስለ ጀልባው አስረዳኋቸው።

"ጀልባው ወዴት ነው የሚወስደን?" አሉ።

"ወደ ዓባይ መውጫ ወስዶ እዚያው የተሳፈራችሁበት ይመልሳችኋል።"

"እዚያው?"

"አዎ፣ አያ።"

"እንግዲያ ተመልሼ እዚያው ከሆንኩ ለምን እሄዳለሁ? ማዶ ዘመድ የለኝ፣ ዕዳ የለኝ!"

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እትዬ ሙሉ የሚያደርጉትን አስታወስኩና ትልቁን ትቼ ትንሿን ልጅ ጠየቅኋት። "አንቺስ፣ ተመልሰሽ ለጓደኞችሽ ምን አየሁ ብትያቸው ደስ ይልሻል?"

ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ፣ "ውኃ ውስጥ የሚኖር በሬ አለ አሉ" አለች።

አያ ጌትነት ወደ ልጅቷ ዞሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "እውነት አለ?" አሉኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

"አለ፣ አያ። ከበሬም ይተልቃል።"

"ያንን እንኳ ባየው አይከፋኝም።"

ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ነበር የጀመሩት። "አንቺ ልጅ! አፉን ሲከፍት ጎተራ ነው የሚያህለው! ቀንበር ብጥልበት ስማዳን በአንድ ቀን ያርስልኝ ነበር!" ከዚያ ወዲያ ወገዳ ውስጥ ማስታወቂያ አላስፈለገኝም። አያ ጌትነት ያንን ጉማሬ በየሠፈሩ አዞሩልኝ። ወሬው እናቴ ጆሮ ድረስ ደረሰ፤ እናቴ የስማዳ ልጅ ናት።

ሦስተኛው ምድቤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነበር። አክስቴ እዚያ ስላለች ማደሪያ አላጣሁም። አለቃዬ ጋሽ ይርጋ ነበሩ፤ ከእትዬ ሙሉ ጋር የሚሠሩ የሚኒባስ ባለቤት። ደግ ሰው ናቸው፤ ደንበኛው ሳይቀመጥ መወሰናቸው ነው እንጂ። አግዳሚ የሚባል ነገር አይወዱም። "ሰው እኮ ቸኩሏል፣ ማስተዋል!" ይሉኛል። የቸኮሉት ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። የልጅ ልጃቸው ከሕመም ቢድን ለገብርኤል ጥላ ሊያስገቡ ተስለው፣ ልጁ ድኗል። ጥላው በእጃቸው ነው፤ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ። ባሕር ዳር ለእረፍት የሚወርደው ልጃቸው በዚያው ስለታቸውን እንዲያደርሱ ሊወስዳቸው ነው።

ጋሽ ይርጋ "ገብርኤል" የሚለውን ሲሰሙ በቃቸው። "ክብራን ገብርኤል! ደሴት ላይ ያለ ገዳም፣ ከወደቡ ብዙም አይርቅም። ለቤተሰብ እንዲህ ያለ ሽርሽር የለም!" ቤተሰቡ በደስታ እልል አለ፤ እኔም ደወልኩ፣ ጀልባውን ያዝኩ።

ክብራን ሴት አይገባበትም። የገዳሙ ሥርዓት ነው። እኔ አላውቅም ነበር፤ ጋሽ ይርጋ ያውቃሉ፣ ግን የሚሄደው ማን እንደሆነ አላዩም። ገብርኤልን ሰሙ እንጂ አሮጊቷን አላዩም። እማማ ጥሩወርቅም ስለታቸውን ብቻ ነበር የሚያስቡት፤ ገብርኤል በስማቸው የጠራቸው መስሏቸው ነበር።

ሲመለሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ነጭ ልብሳቸውን የመንገድ አቧራ ለውጦታል። ደሴቱ ጋ ሲደርሱ ጀልባ ነጂው በትሕትና፣ "እናቶች እዚህ ይጠብቁ" ብሏቸው፣ ጥላውን ለዳነው ልጅ ሰጥተው ከሴቶቹ ጋር ጀልባው ላይ ቀሩ።

"አትዘኚ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ገብርኤል ከውኃውም ላይ ሆነው ሲጠሩት ይሰማል። ብቻ ጥላው ሲዘረጋ ላየው ፈልጌ ነበር።"

እትዬ ሙሉ ሲሰሙ በመጀመሪያው መኪና እስቴ ደረሱ። እኔን አልተቆጡኝም። ጋሽ ይርጋን ግን ቁጭ እንኳ ሳይሉ ያዟቸው።

"ይርጋ፣ አሮጊቷን የት ትግባ ብለህ ነው የጫንካት?"

"ኧረ እትዬ፣ ገብርኤል አሉኝ፣ ገብርኤልን ሰጠኋቸው!"

"ጀልባ ላይ ማን ይቀራል ብለህ ጠይቀሃል?"

ጋሽ ይርጋ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሦስታችንም እማማ ጥሩወርቅ ቤት ሄደን ጉልበት ስመን ይቅርታ ጠየቅን። ጠላ ቀዱልን፤ ጋሽ ይርጋን "አንተ ችኩል፣ ጠጣ" እያሉ አሳቁን። ግን ጥላው ሲዘረጋ አላዩም፣ ያንን ማንም አልመለሰላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሦስቱም ከተማ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት የምንጠይቀው አንድ ሆነ፦ ጀልባ ላይ ወይም ወደብ ላይ የሚቀር ሰው አለ? ካለ ሌላ እንመርጣለን።

እንግዲህ እናቴ።

እናቴ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ከገበያ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶ፣ ዳር ቆመው በቅሏቸውን ሲወስድባቸው አይታለች። ከዚያ ወዲህ ድልድይ እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታልፈው። አባቴ መምህር ስለሆነ ክረምት ክረምት እረፍት አለው፤ አንድ ሁለቴ እንሂድ ሲላት "እናንተ ሂዱ፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ይኑር" አለችና ሁላችንም ቀረን። ዘንድሮ ግን እኔ ወደ ማላውቀው ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት አራታችንም፣ እናቴ፣ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ፣ በአንድ ጀልባ ላይ እንድንቀመጥ ፈለግሁ። የሌላውን ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ሳስቀምጥ ኖሬ የራሴን ሳላስቀምጥ ጡረታ ልውጣ?

መሰናበቻዬን እትዬ ሙሉ ጀልባ አደረጉልኝ። "ለቤተሰብሽ ራስሽ ምረጪ" አሉኝ። ቤት ስገባ ጦርነት ሆነ። አባቴ ዘጌን አለ። ወንድሜ የአያ ጌትነትን በሬ አለ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "እኔ ወደቡ ላይ ሆኜ ጫማችሁን እጠብቃለሁ" አለች።

"እማዬ፣ ጀልባ ላይ ጫማ አይወለቅም!"

"ቢሆንም። ሰው በበዛበት ጫማ አይታመንም።"

አግዳሚዋ ጋ ይዣቸው ሄድኩ። አባቴና ወንድሜ ተቀመጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ ለምነናት ለምነናት እንቢ አለች። እኔ እንደ ልማዴ ጫፏን ልይዝ ስል እትዬ ሙሉ፣ "ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ፣ ቁጭ በይ" አሉና እሳቸው ያዙ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳወዛውዝ ኖሬ አግዳሚዋ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። አወዛወዙን። በሳቅ ሞትኩ! ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ሳቅሁ። እትዬ ሙሉ እኔን አዩ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን አዩ፣ አግዳሚዋን አቆሙ።

"የዓባይ መውጫ" አሉ። "በጠዋት። እናትሽን ለመሳፈር አትለምኗት፤ ወደቡ ድረስ ትምጣ እንጂ። አንቺ ከአባትሽ ቀጥለሽ ትገቢያለሽ።"

"እሷስ ብትቀር? ሕጋችንስ?"

"ነገርኩሽ።"

ባሕር ዳር ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። በማግሥቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ቆምን። ጣና! በስንት ፎቶ አይቼው ነበር፤ ፎቶ ላይ ግን አይተነፍስም። ከዳሩ ጀምሮ ሰማይ እስኪነካ ድረስ የሚተነፍስ ነገር ነው። እናቴ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ጀርባዋን ለውኃው ሰጥታ ዛፍ ሥር ቆመች። እኔ ለጀልባ ነጂው ሳይቀር ሥራውን እያስረዳሁት ነበር፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ጃኬቱ እንዴት እንደሚታሰር።

ወንድሜ ዘሎ ገባ። አባቴ ገባ። እኔ እግሬን አነሳሁና ረገጥኩ።

ጀልባዋ ወደ ታች ሰመጥ አለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ከሥሬ መሬት የለም። አንድ እግሬ ጀልባ ላይ፣ አንዱ ድንጋዩ ላይ፣ በሁለቱም እጄ የጀልባዋን ጣሪያ ብረት ጨብጬ ቀረሁ። ሳቅሁ። ማቆም አቃተኝ። አባቴ "ግቢ እንጂ!" ይላል፤ እኔ ወደፊትም ወደኋላም የለም።

"እማዬ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ቦርሳዋ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። እንዴት እንደመጣች አላየሁም። እጇ ወገቤን ያዘኝ፣ ከኋላዬ ገፍታ አስገባችኝ፣ አብራኝ ገባች፣ መሐል ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ቁጭ ብላ የቀኝ እጄን አንጓ ጨበጠች። ጀልባ ነጂው ቦርሳዋን አቀበላትና ሞተሩን አስነሳ።

"አንተ ልጅ!" አለችው። "ቀስ በል! ልጄ ትፈራለች!"

መንገዱን ሁሉ ስታዘው ሄደች። ወደ ግራ ዘንበል ሲል "አስተካክል"፣ ፈጠን ሲል "ማን አሳደደህ?" ለእኔ ደግሞ "ውኃውን አትይ፣ ያንን ዛፍ እዪ። አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ።" ውኃውን ሁሉ ያየችው እሷ ናት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ሞተሩ ሲበርድ ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን ከውኃው ወጡ። ከዚያ ያ አፍ ተከፈተ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ እጄን ሳትለቅ። "አያ ጌትነት አልዋሹም!" ብላ ጮኸች። "አያችሁት? ጎተራ እኮ ነው!"

አራታችንም በአንድ ጀልባ ላይ ነበርን። ወደብ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

ከወረድን በኋላ ለእትዬ ሙሉ ደወልኩ። እንዲህ ሆነ፣ እናቴ እኮ ራሷ ዘላ ገባች፣ እኔ ግን አፈርኩ፣ ስንቱን ፈሪ ለይቼ ፈሪዋ ራሴ ሆኜ ልገኝ ብዬ ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"መፍራትሽን እኮ አግዳሚዋ ላይ አይቻለሁ" አሉ። "ስትስቂ እጅሽን አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዴት ልንገርሽ? ለእናትሽ የምታቅፈው ሕፃን ስፈልግ ነበር፤ አንቺን አገኘሁላት።"

ስልኩን ይዤ የነበረው በግራ እጄ ነው። ቀኝ እጄን እናቴ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆመን፣ ገና አልለቀቀችውም ነበር።